ጫማችሁን አውልቁ

«የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቡና ላይ ይባላል፣ በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ይባላል። ከሁሉም የሚያስከፋው ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ ሲወጣ ነው። ተረከዙ ላይ የወጣበትን ጥቁር ነገር ያሳየ ገበሬ «ምንም አይደለም፣ ቅባት ቀባው» ተብሎ ሲሸኝ፣ ከመልሱ ጀርባ ያለው ይኸው እምነት ነው። ጠቤ ከዚህ እምነት ጋር ነው። ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማስተባበሉ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከፊሉ እውነት ነው፤ ሰው የሚያዘናጋውም ያ እውነት የሆነው ከፊሉ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የባለ እምነቶቹን ክርክር ሳላሳንስ ላቅርብ። ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን የፀሐይን ጨረር ያግዳል። ይህ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ቆዳን ከሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለ ጨረር የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በነጭ ቆዳ 24 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በጥቁር ቆዳ ከ8 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱም በሕሙማን ቁጥር ይታያል። በአሜሪካ ሜላኖማ የተባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር በዕድሜ ዘመናቸው የሚይዛቸው ነጮች ከ33 አንድ ያህል ናቸው፤ ጥቁሮች ግን ከ1000 አንድ።

ክርክራቸው በዚህ አያበቃም። ወባና ቲቢ ባለበት፣ የማኅፀን በርና የጡት ካንሰር እናቶችን በሚገድልበት አገር ብርቅ በሆነ በሽታ ላይ ጊዜና ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት ነው ይላሉ። ደግሞም፣ ይላሉ፣ በሽታው የተንሰራፋባቸው ሀብታም አገሮች እንኳ ሰውን ሁሉ በመመርመራቸው ያተረፉት ግልጽ አይደለም። በአሜሪካ የቅድመ ምርመራ ምክር የሚያወጣው ግብረ ኃይል በ2023 ምልክት የሌለበትን ጎልማሳ ሁሉ ቆዳ መመርመር ጥቅሙ ከጉዳቱ ይብለጥ አይብለጥ ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ጀርመን ከ2008 ጀምራ 35 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ ብትፈቅድም፣ በሜላኖማ የሚሞተው ሰው ቁጥር እንደታሰበው አልቀነሰም። ታዲያ እኛ ምን ቤት ነን?

ክርክሩ ጠንካራ ነው። ቁጥሮቹም ትክክል ናቸው። ግን ቁጥሮቹ የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ፣ እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው።

ከሜላኒኑ እንጀምር። ሜላኒን ፀሐይን ይከላከላል፤ እሺ። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ በብዛት የት ይወጣል? ውስጥ እግር ላይ፣ መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ሥር። ውስጥ እግርን የትኛው ፀሐይ ያገኘዋል? ጃንጥላ ዝናብን ይከለክላል እንጂ ከመሬት ለሚነሳ ጎርፍ ምን ያደርጋል? አክራል ሜላኖማ የሚባለው ይህ ዓይነት ከፀሐይ ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የላላ ነው። በ2017 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የ183 ሜላኖማዎችን ሙሉ የዘረመል ንባብ ባሳተሙ ጊዜ ነገሩ በግልጽ ታየ። ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ የወጡት ካንሰሮች ዘረመል በጨረር ጠባሳ የተሞላ ሲሆን፣ የእጅና የእግሩ ግን በአብዛኛው ያ ጠባሳ የለውም፤ የሚታይበት የክሮሞሶሞች መሰባበርና መዘበራረቅ ነው። ሜላኒን ይህን የሚከላከልበት መንገድ የለውም።

ቆዳው ጥቁር የሆነ ሰው ከዚህኛው ካንሰር የተለየ ምሕረት እንዳላገኘ ደግሞ የሕሙማን መዝገብ ይመሰክራል። በ2009 የታተመ የአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ጥናት አክራል ሜላኖማ በነጮችና በጥቁሮች ዘንድ በሚቀራረብ መጠን እንደሚገኝ አሳይቷል፤ በየዓመቱ ከሚሊዮን ሰው ሁለት የማይሞላ። ልዩነቱ ሌላ ነው። ነጮች ላይ ከሚወጣው ሜላኖማ ሁሉ የእጅና የእግሩ 1 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በጥቁሮች ዘንድ ግን ከሦስት አንድ ይበልጣል። እንግዲህ «ከ1000 አንድ» የሚለው ቁጥር የሚነግረን ፀሐይ የሚያመጣው ካንሰር ለእኛ ብርቅ መሆኑን ነው። ፀሐይ ያላመጣው ካንሰር በመካከላችን አለ።

ይህ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ዑጋንዳ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞች በ1960ዎቹ በሜላኖማ ከሚመጡት ሕሙማን አብዛኞቹ ውስጥ እግራቸው ላይ እንደታመሙ ጽፈዋል፤ በ1967 የውስጥ እግርን ቀለምና የሜላኖማን ዝምድና የሚመረምር ጽሑፍ በብሪታንያ የካንሰር መጽሔት ወጥቷል። አንድ ሙሉ ዕድሜ አለፈ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ በሽታው የሚታተመው ፖስተርና ሐኪም የሚማርበት ፎቶግራፍ የነጭ ሰው ጀርባና ትከሻ ሆኖ ቀረ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ሐበሻ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የሚያነበው መመሪያም ያንኑ ጀርባ ነው የሚያሳየው፤ ካልሲውን እንዲያወልቅ የሚነግረው የለም።

ብርቅ መሆኑ የሚያጽናናቸው ሰዎች አንድ ሌላ ቁጥር ይመልከቱልኝ። በአሜሪካ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ነጮች 94 በመቶ ያህሉ አምስት ዓመት ሲያልፉ፣ ከጥቁሮቹ ግን የሚያልፉት 70 በመቶ ገደማ ናቸው። ከፊሉ የሕክምና አቅርቦት ልዩነት ያመጣው ነው፤ ከፊሉም የእጅና የእግሩ ዓይነት ጠባይ ክፉ ስለሆነና ዛሬ ብዙ ሰው የሚያድኑት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች እንደሌላው ስለማይሠሩበት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ዘግይቶ መገኘቱ ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት በ1970 እንዳሳየው የሜላኖማ ሕመምተኛን ዕጣ ከምንም በላይ የሚወስነው ካንሰሩ ወደ ቆዳው ውስጥ የጠለቀበት መጠን ነው፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። ከ1 ሚሊሜትር በታች ሳለ የተገኘ በአብዛኛው በአካባቢ ማደንዘዣ ተቆርጦ ወጥቶ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል። አራት ሚሊሜትር ካለፈ ብሽሽት ያለው ዕጢ ውስጥ፣ ከዚያም ሳንባና ጉበት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። «ለእናንተ አይመጣም» የሚለው ቃል ሥራ እነዚህን ጥቂት ሚሊሜትሮች ለካንሰሩ መልቀቅ ነው። የሚበላቸው ጊዜ ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ነው።

ቦብ ማርሊን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1978 እዚሁ መጥቷል። በ2005 የ60ኛ ዓመት ልደቱ መታሰቢያ አዲስ አበባ ላይ ሲከበር መስቀል አደባባይ ለሰዉ አልበቃም ነበር። ከዚያ ሕዝብ መካከል የገደለው በሽታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ስንቱ ነበር? በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ቆሰለ፤ ኳስ ሲጫወት የተመታው ነው ተባለ። ምርመራው ግን ጥፍሩ ሥር ሜላኖማ እንዳለ አሳየ። ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመከር አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነስቶ ሌላ ቆዳ ተተካለት። በግንቦት 1981 ካንሰሩ እስከ አንጎሉ ተሠራጭቶ ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ ሞተ። ይህ ሰው ጥቁር ነበር። ፊቱን በምናውቀው፣ ዘፈኑን በቃላችን በምንዘፍንለት ሰው ላይ የደረሰውን «የነጮች በሽታ» ማለት እንዴት ቻልን?

የጣቱ ታሪክ እኛም ቤት በየቀኑ ይደገማል። ጥፍር ጠቆረ፤ «እንቅፋት መታኝ»። ተረከዝ ጠቆረ፤ «እሾህ ገብቶበት ነው»። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ እንቅፋት ይመታል፣ እሾህም ይወጋል። መለያው ግን አለ፣ ለማየትም ዓይን እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። ጥፍር ሥር የረጋ ደም ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደፊት ይሄዳል፤ በወራት ውስጥ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ሲመጣ ይታያል። ሜላኖማ አይሄድም። ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ በቁመት የተሰመረ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀመጣል፤ መስመሩ ይሰፋል፣ ይልቁንም ከሥሩ በኩል፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ በመጨረሻም ጥቁረቱ ጥፍሩን አልፎ ዙሪያው ያለው ቆዳ ላይ ይፈስሳል። ይህን የመጨረሻ ምልክት ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1886 ጽፎታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በእርግጥ በእኛ ዘንድ ጥፍር ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ብዙዎቻችን ይኖረናል፣ ብዙ ጥፍሮች ላይም ይወጣል። የሚያሰጋው ብቻውን በአንድ ጣት ላይ የወጣውና የሚለወጠው ነው። ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ከቡናማ እስከ ከሰል ጥቁር ቀለሙ የተዥጎረጎረ፣ ዳርቻው የተዘነጣጠለ፣ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ነጠብጣብ ይጠርጠር። ቀለም የሌለው ቀይ እብጠት ሆኖ፣ አንዳንዴም የማይድን ቁስል መስሎ የሚመጣም አለ፤ ሐኪም የሚያሳስተው እሱ ነው።

ይህን ትምህርት ከማን ልንማር እንችል ነበር? ከጃፓኖች። ጃፓን ውስጥም ሜላኖማ ከሁሉ ይበልጥ የሚወጣው እጅና እግር ላይ ነው፤ ሐኪሞቻቸውም ሌላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ እስኪታረም አልጠበቁም። ቶሺያኪ ሳይዳና ባልደረቦቹ የውስጥ እግርን ቆዳ በእጅ በሚያዝ አጉሊ መነጽር እያዩ አንድ ቀላል ሕግ አወጡ። ውስጥ እግራችን ላይ እንደ ጣት አሻራ ሸንተረርና ቦይ አለ። ጥቁረቱ ቦዩን ተከትሎ ከሄደ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ሸንተረሩን ተከትሎ ከሄደ ሜላኖማ ይጠረጠራል። በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህ የሸንተረር ምልክት ካንሰር ካልሆነው ነጥብ በ99 በመቶው ላይ አልተገኘም፤ ከሜላኖማዎቹ ደግሞ በ86 በመቶው ላይ ታይቷል። እኔ በዚህ ነገር እደነቃለሁ። በሽታው ብርቅ ነው ብለው አልተዉትም፤ የራሳቸውን ሕሙማን እግር አዩ፣ ዛሬ የዓለም የቆዳ ሐኪም ሁሉ የእነሱን ሕግ ይማራል።

እኛ ግን ሌላ ተስፋ ይዘናል፤ ስልኩ ይነግረናል። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 130 ሺህ በሚጠጉ ምስሎች ያሠለጠኑት ኮምፒውተር የቆዳ ካንሰርን እንደ ሐኪም ለየ ተብሎ ከተነገረ ወዲህ፣ የቆዳ ሐኪም ያነሰው አገር ሁሉ በስልክ ካሜራ ይድናል የሚል ሰው በዝቷል። ኮምፒውተሩ ያላየውን አያውቅም። በ2022 ላንሴት ዲጂታል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት ለዚህ ዓይነት ሥልጠና ለሕዝብ ክፍት የሆኑ 21 የምስል ስብስቦችን፣ ከ100 ሺህ በላይ ምስሎችን ፈተሸ። የቆዳ ቀለም ዓይነት የተመዘገበላቸው 2,436 ብቻ ነበሩ። ከነሱ መካከል የቡናማ ቆዳ ምስል 10፣ የጥቁር ቡናማ ወይም የጥቁር ቆዳ ምስል 1 ነበር። አንድ! «ብርቅ ነው» ስላልን አልመረመርንም፤ ስላልመረመርን አልመዘገብንም፤ ስላልመዘገብን ማሽኑ አያውቀንም፤ ማሽኑ ስለማያውቀን ደግሞ «የለም» ይለናል። እምነቱ ራሱን በራሱ የሚያረጋግጠው እንዲህ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሜላኖማ ብቻ ነው። የቆዳ ካንሰር ብዙ ነው፤ በእኛ ምድር በተለይ ከሚያስለቅሱት አንዱ ከአሮጌ ጠባሳ የሚነሳው ነው። ሕፃን ሳለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ እግር፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት እሳት ላይ ወድቃ ያቆሰለችው ክንድ፣ በስጋ ደዌ ምክንያት ስሜት የጠፋበት ውስጥ እግር ላይ ለዓመታት ሳይድን የኖረ ቁስል፤ እነዚህ ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ይችላሉ። የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም ማርዦላ ከጠባሳ ስለሚነሣ ቁስል በ1828 ስለጻፈ ይህ ካንሰር በስሙ ይጠራል። ከቃጠሎው እስከ ካንሰሩ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ዓመት ገደማ ነው። እዚህ ውስጥ ሜላኒን የቱ ጋ ይገባል? ለዓመታት አብሮ የኖረ ቁስል ጠርዙ አብጦ ሲጠነክር፣ ሽታው ሲለወጥ፣ ሲነኩት ሲደማ፣ ቅጠልና ቅባት ከመለዋወጥ በፊት ናሙና መወሰድ አለበት። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አይተው።

ሜላኒን ጨርሶ የሌላቸው ወገኖቻችንስ? አልቢኒዝም ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ከእኛው ማኅፀን የተወለዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት ደግሞ ለፀሐይ ቅርብ በሆነ ደጋ ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለእነሱ ፀሐይ ራሷ ጠላት ናት፤ ከንፈር፣ ጆሮ፣ አንገት ላይ የሚወጣው ስኩዌመስ ሴል የተባለ ካንሰር በወጣትነታቸው ይገድላቸዋል። «ጥቁር ሕዝብ የቆዳ ካንሰር አይዘውም» ሲባል ማንን ከሕዝብ አወጣን? ልጁ ሰፊ ኮፍያ አድርጎ ሲመጣ «ክልክል ነው፣ አውልቅ» የሚል ትምህርት ቤት ካለ ያ ትምህርት ቤት ሕይወት እየነጠቀ ነው። ታንዛኒያ ሞሺ የሚገኘው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ለአልቢኒዝም ሕሙማኑ ኪሊሰን የተባለ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እዚያው ኪሊማንጃሮ ሥር ሲያመርት፣ «አንችልም» የሚለው ሰበብ አብሮ ፈርሷል። እዚህ ላይ ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ለሌላው ጥቁር ሰው ሁሉ ሰንስክሪን ግዛ አልልም፤ ሜላኖማችንን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በአውስትራሊያ ናምቦር ከተማ በ1,621 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት በየቀኑ ቅባቱን የተቀቡት ሜላኖማቸው በግማሽ ቀንሷል፤ ያ ግን ፀሐይ የምታመጣው ካንሰር ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ማየት ነው።

ማየት ደግሞ ምን ያስወጣል? እዚህ ጋ ነው የ«ቅንጦት ነው» ክርክር የሚወድቀው። ወላይታ ውስጥ፣ ጎጃም ውስጥ ዝሆኔ የያዛቸው ሰዎች እግራቸውን ለመንከባከብ ሲሰበሰቡ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሳፋ ውኃ ይቀርባል፤ እግር በሳሙና ይታጠባል፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ይነከራል፣ በጨርቅ በጣቶች መሐል ሳይቀር ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ባለሙያው እግሩን ይዞ ደቂቃዎች ይቆያል። ያ እግር አንዴ ገልበጥ ተደርጎ ተረከዙና ጥፍሮቹ ቢታዩ ምን ይጨምራል? የስጋ ደዌ ክትትልም እንዲሁ የእግር ምርመራ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ክትትልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ማዕቀፍ ትኩረት ያጡ የቆዳ በሽታዎች በየብቻቸው ሳይሆን በአንድነት ይፈለጉ ብሏል። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። ወባን የሚፎካከር በጀት የጠየቀ የለም፤ የተጠየቀው ጫማው ወልቆ ሳለ ዓይን እንዲያርፍበት ነው።

የአሜሪካኑና የጀርመኑ ክርክርስ? እነሱ የሚከራከሩበት ምንም ምልክት የሌለበትን ጤነኛ ሰው እየጠሩ መመርመር ነው። እዚያ ያለ ምክንያት የሚቆረጥ ነጥብ በዝቷል፤ ጥንቃቄያቸው ተገቢ ነው። የእኛ ገበሬ ግን ተጠርቶ አልመጣም። እያነከሰ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዞ፣ የትራንስፖርት ተበድሮ፣ «ይሄን እዩልኝ» ብሎ ነው የመጣው። የጀርመን መረጃ ይህን ሰው ሳያዩ ለመመለስ ፈቃድ ይሰጣል ወይ? ምልክት ይዞ የመጣን ሰው መመርመር ቅድመ ምርመራ አይባልም፤ ሕክምና ነው። ከዚያ የሸሸ ሐኪም በማንም አገር መመሪያ ሊሸፈን አይችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የጤና መኮንንና የነርስ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ውስጥ የጥቁር ሰው ተረከዝና ጥፍር ፎቶግራፍ ይግባ። በዝሆኔ፣ በስጋ ደዌና በስኳር ክትትል ቅጽ ላይ «ውስጥ እግርና ጥፍር ታይቷል ወይ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። የተገኘው ሁሉ በፎቶና በመዝገብ ይያዝ፤ ነገ ስለ እኛ የሚጠና ነገር ካለ ከዚያ ይነሣል። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና ቅባት እንደ መድኃኒት ይታይለት። አንድ ወር ታክሞ ያልዳነ የውስጥ እግር ቁስል፣ ብቻውን የጠቆረና የሚሰፋ የጥፍር መስመር፣ መልኩን የለወጠ አሮጌ ጠባሳ የያዘ ሰው ሪፈር ይጻፍለት፤ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ በዚያው ሳምንት ፓቶሎጂ ይድረስ። ውጤቱ ተጽፎ እስኪመለስ ድረስም «ይሄ ለእናንተ አይመጣም» ብሎ የሚያሰናብተው ባለሙያ አይኑር።